ቤዜን ለምን ቦረቦርኩት

ባለፈው ቅዳሜ የቤዜን ጀርባ ፎቶ እዚሁ ገጽ ላይ ለጥፌ ነበር። ሦስት ትልልቅ ጉድጓዶች ያሉበት ፎቶ። ኮመንቱን ያያችሁ አይታችኋል። “ጋሼ ምን ነካዎት?” ያለኝ አለ። “ይሄማ ወንጀል ነው” ያለኝም አለ። አንድ የድሮ ጓደኛዬ ደግሞ ኮመንቱ አልበቃው ብሎ ደወለና “አንተ ሰውዬ፣ አሞሃል እንዴ?” አለኝ።

አዎ፣ አሞኝ ነበር። የቦረቦርኩትም ለዚያ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ቤዝ የማትጫወቱም ብታነቡት አይከፋኝም። በእኔ እጅ ያለፋችሁ ተማሪዎች ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ እናንተን የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

ቤዙን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቡናማው ነው፣ የጃዝ ቤዝ ቅጂ፣ ከ20 ዓመት በላይ አብሮኝ የኖረ። ቦዲው አሽ ከሚባለው እንጨት የተሠራ ነው፣ ያውም ከከባዱ ዓይነት። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሸከመው አንድ ቀን እንኳን መዝኜው አላውቅም ነበር። ዘንድሮ የሻንጣ ሚዛን ላይ ስሰቅለው 5.4 ኪሎ ሆኖ አገኘሁት። ደህና የሚባል ቤዝ ከ3.6 እስከ 4.5 ኪሎ ነው የሚመዝነው። ከዚያ በላይ ያለችው አንድ ኪሎ ምንም አትመስልም። እስቲ አንድ ኪሎ ስኳር በላስቲክ አድርጋችሁ ግራ ትከሻችሁ ላይ አንጠልጥሉና አንድ ሰርግ ሙሉ ቁሙ። ሙሽሮቹ ዘግይተው ገብተው፣ ኬኩ ተቆርሶ፣ ዘመድ ሁሉ በየተራ እስክስታውን ወርዶ እስኪያልቅ ድረስ። ያኔ እንነጋገራለን።

ሕመሙ የጀመረኝ ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ግራ ትከሻዬ ላይ ማቃጠል። “ብርድ ነው” አልኩ። ቀጥሎ የግራ እጄ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት መደንዘዝ ጀመሩ። “ተኝቼበት ነው” አልኩ። አንድ ማታ መድረክ ላይ ሦስተኛው ዘፈን ሳይደርስ ትንሿ ጣቴ ክሩን ትንካው አትንካው ማወቅ አቃተኝ። በዓይኔ እያየሁ ተጫወትኩ። ማንም አልነቃብኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ቤት ስገባ ባለቤቴ “እስቲ ይሄን ክዳን ክፈትልኝ” ብላ ጠርሙስ ሰጠችኝ፣ አልቻልኩም። እሷ ነች በግድ ሕክምና የላከችኝ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ልጅ እግር ናት። ሸሚዜን አስወልቃ ከኋላ ቆማ አየችኝና “ግራ ትከሻዎ ከቀኙ ዝቅ ብሏል። ምንድን ነው የሚሸከሙት?” አለችኝ።

“ጊታር።”

“ጊታር እንኳን ይሄን አያደርግም።”

“ቤዝ ጊታር ነው።”

“ስንት ኪሎ ነው?”

አላውቅም አልኳት። አፈርኩ። መቃኛውን፣ ክሩን፣ ፒክአፑን፣ አምፑን ሁሉ በቁጥር አውቃለሁ። ትከሻዬ ላይ የተቀመጠውን ክብደት ግን አላውቅም።

ያስረዳችኝ ነገር ቀላል ነው። ወደ ክንድና ወደ ጣት የሚወርዱት ነርቮች ከአንገት ተነስተው በትከሻ አጥንት ሥር ነው የሚያልፉት። ማንገቻው ደግሞ በትክክል እዚያው ላይ ነው የሚያርፈው። ቀጭን ማንገቻና ከባድ ቤዝ ሲገናኙ ለሰዓታት እዚያ ቦታ ላይ እንደቆመ ጣት ናቸው። ይሄ የእኔ ታሪክ ነው፤ የእናንተን ሕመም የእናንተ ሐኪም ይየው። እጁ እየደነዘዘ ያለ ሰው ግን “ብርድ ነው” ብሎ እንዳይቀመጥ፣ እንደኔ።

እንግዲህ ወደ ይቅርታው ልምጣ።

ብዙዎቻችሁን ሳስተምር አንድ ነገር ደጋግሜ ብያችኋለሁ፤ “ቤዝ ከከበደ ድምፁም ይከብዳል።” ይሄን የነገሩኝ ከእኔ በፊት የነበሩ ናቸው፤ እኔም ሳልመረምር ለእናንተ አቀበልኩ። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ስሟን አልጠራም፣ እሷ ራሷን ታውቃለች። ጆሮዋ ከብዙዎቻችን የተሻለ ነበር። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ “ቲቸር፣ ትከሻዬን በጣም ያመኛል፤ ቀለል ያለ ቤዝ የለም?” አለችኝ። እኔም “ትለምጅዋለሽ፣ ቤዝ እኮ የወንድ ሥራ ነው ይባላል፣ አሳያቸው” ብዬ አበረታታሁ መስሎኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ መምጣት አቆመች። ሰነፈች ብዬ ነበር ያለፍኩት። ዘንድሮ አንድ ሰርግ ላይ ተገናኘን፤ እሷ ተጋባዥ፣ እኔ መድረክ ላይ። በእረፍት ሰዓት ሰላም ልትለኝ መጣችና ቤዙን አይታ ሳቀች። “ቲቸር፣ አሁንም ያንን ድንጋይ ይሸከሙታል?” አለችኝ። ያን ቀን ጣቴ ደንዝዟል። ሳቅኩላት፤ ነገር ግን አብሬያት መሳቅ አልነበረብኝም።

ያቺ ልጅ ያቆመችው ሙዚቃ ስለማትችል አልነበረም። አንድ ኪሎ እንጨት ስለበዛባት ነው። ያን እንጨት ደግሞ በአንድ ቀን ሥራ ማውጣት ይቻል ነበር። ሌላም እንደሷ ዝም ብላችሁ የተዋችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ያስተማርኳችሁ ስህተት ነበር።

አሁን ወደ ድምፁ። “እንጨቱን ስታወጣ ድምፁ ይሄዳል” የምትሉኝ አላችሁ። የኤሌክትሪክ ቤዝ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ እናስብ። ክሩ ብረት ነው። ከሥሩ ያለው ፒክአፕ ማግኔትና የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ክሩ ማግኔቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ እሱ ነው ወደ አምፕ የሚሄደው። ፒክአፑ እንጨቱን በቀጥታ አይሰማም። እንጨቱ ክሩ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ትንሽ ይነካ ይሆናል፤ አልክድም። ነገር ግን የክሩ ዕድሜ፣ የፒክአፑ ዓይነትና ቦታው፣ አምፑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጣታችሁ የሚነካበት ቦታ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አዲስ ክር ስትገጥሙ የምትሰሙትን ልዩነት አስቡት።

እኔ ከመቦርቦሬ በፊት አንድ መስመር ቀድቼ አስቀምጬ ነበር። ከቦረቦርኩ በኋላ በዚያው ክር፣ በዚያው ገመድ፣ በዚያው የድምፅ ካርድ ደገምኩት። ከዚያ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን አስቀምጬ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳልነግራቸው አሰማኋቸው። አንደኛው ከባዱን “ቀላሉ ነው” አለ። ሌላኛው “ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ልትቀልድብኝ ነው” ብሎ ተቆጣ። በሁለት ሰው ጆሮ ሳይንስ አይረጋገጥም፤ ለእኔ ትከሻ ግን ይበቃዋል።

“ፋብሪካው የሠራውን አትንካ” ለሚሉኝ ደግሞ ትንሽ ታሪክ። ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። የመጀመሪያው ቦዲ ጠርዙ እንደ ጣውላ ቀጥ ያለ ነበር፤ የተጫዋቹን ጎድንና ክንድ ይወጋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ራሱ ፋብሪካው የክንዱንና የሆዱን ቦታ ሞርዶ አለሰለሰው። ለምን? ተጫዋቹ እንዲመቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ያው ፋብሪካ የቴሌካስተር ጊታርን ከውስጥ ቦርቡሮ ቲንላይን ብሎ ሸጠው። ጊብሰንም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ብዙ ሌስ ፖሎችን ማንም በማያይበት ቦታ ቦርቡሮ ነው የሸጠው። ኔድ ስታይንበርገርማ የቤዙን ራስ ጨርሶ ቆርጦ ጣለው፤ መቃኛውን ወደ ታች አወረደው። ስለዚህ ቦርቧሪው እኔ ብቻ አይደለሁም። እኔ የተለየሁት ፎቶ አንስቼ በመለጠፌ ነው።

ደግሞ ራቅ ብለን ለምን እንሄዳለን? ክራር ውስጡ ባዶ ነው። ማሲንቆ ውስጡ ባዶ ነው። በገና ትልቅ ነው፤ ደርዳሪው ግን ቁጭ ብሎ ነው የሚደረድረው። ኮንትራባስም ከኤሌክትሪክ ቤዝ ይከብዳል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ግን መሬቱ ነው። የድሮ ሰዎች መሣሪያን ከሰው አካል ጋር አስታርቀው ነው የሠሩት። ክብደትን እንደ ክብር ያየነው እኛ ነን።

እሺ፣ አሳምኜሃለሁ እንበል። ነገ ጠዋት ራውተር ይዘህ ቤዝህ ላይ እንዳትወርድ! ቅደም ተከተል አለው። እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፣ የተሳሳትኩትንም ጨምሬ።

1. መዝኑት። የሻንጣ ሚዛን ይበቃል። ከ4.5 ኪሎ በታች ከሆነ ችግራችሁ ምናልባት ቤዙ ሳይሆን ማንገቻው ወይም አቋቋማችሁ ነው።

2. ማንገቻ ቀይሩ። አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ጥላችሁ ከስምንት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ወይም ወፍራም ቆዳ ግዙ። ክብደቱ አይቀንስም፤ ግን ይሰራጫል። የጫማ ሰፊም ያሠራችኋል። የሚያስደንቀው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ይድናል፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ላያስፈልገው ይችላል።

3. ስትለማመዱ ተቀመጡ። ቤት ውስጥ ለማን ነው የምትቆሙት?

4. መቃኛዎቹን ቀይሩ። ይሄ የእኔ የመጀመሪያ እውነተኛ ለውጥ ነው። የድሮዎቹ አራቱ ሲመዘኑ 440 ግራም፤ አሜሪካ ያለች እህቴ የላከችልኝ ቀላሎቹ 240 ግራም። 200 ግራም ወጣ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ቦታው ነው ዋጋ ያለው። መቃኛው ያለው አንገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ ማንገቻው ከታሰረበት ቀንድ ወደ 55 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ቦዲው መካከል ደግሞ በሌላኛው በኩል ወደ 30 ሳንቲ ሜትር። እንደ ሚዛን አስቡት፤ ከጫፉ 200 ግራም ካነሳችሁ፣ ሚዛኑ ሳይዛባ ከቦዲው ወደ 370 ግራም ማንሳት ትችላላችሁ። ለዚህ ነው ከራሱ መጀመር ያለባችሁ። መጀመሪያ ቦዲውን ብቻ ብታቀሉት አንገቱ ወደ መሬት ይወርዳል፤ እሱን ደግፋችሁ ስትይዙ ደግሞ ግራ እጃችሁን ትጨርሱታላችሁ። ከአንዱ ሕመም ወደ ሌላው።

5. ብሪጁን እዩት። እኔ በጎረምሳነቴ “ድምፅ ይጨምራል” ተብዬ ከባድ የናስ ብሪጅ ገጥሜ ነበር፣ 410 ግራም። አሮጌውን፣ ከቆርቆሮ የታጠፈውን፣ ከመሳቢያ አውጥቼ መለስኩት። 190 ግራም። 220 ግራም ወጣ፣ በነጻ።

6. እንጨቱ የመጨረሻው ነው። ሌላው ሁሉ ካልበቃ ብቻ። ቦዲው 4.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ከጀርባ ሦስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረን ከፊት 1.5 ተውን። የሦስቱ ጉድጓዶች ስፋት በድምሩ 330 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። በሦስት ሲባዛ ወደ 990 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር። የእኔ ዓይነቱ ከባድ አሽ በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ወደ 0.65 ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ 640 ግራም ገደማ ወጣ። በቀጭን ኮምፔንሳቶ ስንከድነው 70 ግራም ያህል ተመለሰ። ይሄን ሒሳብ ከመቁረጣችሁ በፊት ሥሩት። የቤዛችሁ እንጨት አልደር ወይም ባስውድ ከሆነ መጀመሪያውኑ ቀላል ነው፤ ያን ያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ የምታገኙት ትርፍ በጣም ያንሳል።

የማይነኩ ቦታዎች አሉ። አንገቱ የሚታሰርበት ዙሪያውን፣ ብሪጁ የተበሰነበትን ከሥሩ፣ የማንገቻ ቁልፎቹን አካባቢ ቢያንስ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ሙሉ እንጨት ተዉ። ክሮቹ የሚጎትቱት ከእነዚህ ቦታዎች ላይ ነው። ማስክ አድርጉ፤ የአሽ ብናኝ ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። ያ ከ1954 ጀምሮ የተሞረደው የክንድ ማሳረፊያ ትዝ ይላችኋል? እዚያ ላይ ቦዲው 4.5 ሳንቲ ሜትር አይደለም፤ ወደ ጠርዙ ሲሄድ እየሳሳ ይሄዳል። እኔ መሀሉን ለክቼ ጠርዙን ሳልለካ፣ አናጺው “ጋሼ እርግጠኛ ነዎት?” ብሎኝ እኔ “አዎ ቁረጥ” ብዬው፣ ራውተሩ በፊት ለፊት ብቅ አለ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ። ሁለታችንም ዝም አልን። አናጺው ከዋንዛ ቁራጭ ቀርጾ ደፈነልኝ፤ አሁን ክንዴ የሚያርፈው እዚያች ዋንዛ ላይ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሱ አይደለም። እናንተ በየቦታው ለኩ።

ድምር ውጤት፤ 200፣ 220 እና 570 ግራም። 990 ግራም ወጣ። ከ5.4 ወደ 4.4 ኪሎ። አንገቱ በጥቂቱ ወደ ታች ማለት ጀምሮ ነበር፤ ውስጡ ሻካራ ቆዳ የሆነ ማንገቻ ሲደረግበት ቆመ። ከዚህ ሌላ አንድ የተቀየረ ነገር አለ። ጂ ክር ላይ ስድስተኛው ፍሬት አካባቢ ቶሎ የሚሞት ድምፅ ነበረ፤ ብዙ ቤዝ ላይ አለ። አሁን አንድ ፍሬት ፈቀቅ ብሏል። መቃኛዎቹ ስለቀለሉ ነው። እንግዲህ ዋጋ ከተባለ ይሄ ነው የከፈልኩት።

መቦርቦር የሌለበትም ቤዝ አለ፤ ይሄን ሳልናገር ብቀር ታማኝ አልሆንም። ኦሪጅናል የድሮ ቤዝ ካላችሁ እንዳትነኩት። መቃኛውን ቀይሩ፣ የድሮውን በጥንቃቄ አስቀምጡ፣ እንጨቱን ግን ተዉት። ቢከብዳችሁ ሽጡትና ቀላል ግዙ፤ ገንዘቡ ተርፎ ይመለሳል። የእኔ ግን ቅጂ ነው። ቀላል ቤዝ ከውጭ ላስመጣ ብል የሚጠይቀኝ ገንዘብ ከዚህ ሁሉ ሥራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዋጋው ይወርዳል ላላችሁኝ፣ ልሸጠው አልፈልግም፤ ልጫወትበት ነው የምፈልገው።

“ድሮ ሰው ያለ ምንም ማማረር ይሸከም ነበር” ላለኝ ወንድሜ ደግሞ፣ የድሮዎቹን አውቃቸዋለሁ። ብዙዎቹ ዛሬ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚነሱት። አላማረሩም ማለት አላመማቸውም ማለት አይደለም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባል የለ? እኔ የራሴ ቁስል ላይ ያለውን እንጨት ነው ያወጣሁት።

ሙያችን ውስጥ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ሕመምን የትጋት ማስረጃ እናደርገዋለን። ጣቱ የደማ፣ ጆሮው የጮኸበት፣ ትከሻው የወረደ ሰው “እውነተኛ ሙዚቀኛ” ይባላል። ትጋት ማለት ግን በ60 ዓመትም ቆሞ መጫወት መቻል ነው። መምህር የሆናችሁ ደግሞ፣ ተማሪ “አመመኝ” ሲላችሁ “ትለምደዋለህ” አትበሉ። መጀመሪያ ቤዙን መዝኑለት። እኔ ይሄን ለመማር ሁለት ጣት ሊያስከፍለኝ ምንም አልቀረውም።

ከሳምንታት ሕክምናና ከቀለለው ቤዝ በኋላ ትንሿ ጣቴ ተመልሳለች። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ብርድ ሲሆን አሁንም ታስታውሰኛለች። ባለፈው ሰርግ ግን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ክሩ ተሰማኝ።

ለዚያች ተማሪዬ፤ ይሄን ካነበብሽው፣ ድንጋዩ ቀሏል። 4.4 ኪሎ ነው። መጥተሽ ሞክሪው፣ ክሩ አዲስ ነው። ሌሎቻችሁም ቤዛችሁን መዝናችሁ ቁጥሩን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ከአምስት ኪሎ በላይ የሆነባችሁ ካላችሁ አናጺውንና ሚዛኑን ይዤ እመጣለሁ። በዚህ ጊዜ ጠርዙንም እለካለሁ።